አዲስ ሽንግል ከ14 ዓመት ጣራ ጋር እንዴት ይመሳሰላል? (ከመንገድ የሚታየው ፊት ነው)

ፀሐይ_ግባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ወር ያ ነፋስ የቀላቀለ ዶፍ በጣለ ቀን የጎረቤታችን ኦክ ዛፍ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ የፊት ጣራችን ላይ ወደቀ። ሰው አልተነካም፣ ተመስገን። ፕላይዉዱን ሁለት ቦታ በስቶታል፤ ሽንግሉ (ጣራውን የሚያለብሰው የአስፋልት ንጣፍ) ደግሞ ወደ 8 ጫማ በ10 ጫማ የሚሆን ቦታ ላይ ተቦጫጭሯል። ለጊዜው ሰማያዊ ሸራ አልብሰነው ተቀምጠናል።

ሁለት ሠራተኞች መጥተው አዩት። አንደኛው «እጠግነዋለሁ፣ 1,900 ዶላር» አለ። ሌላው «ጥገና አያምርብሽም፣ የፊቱን ገጽ በሙሉ አንስቼ አዲስ ላልብሰው» ብሎ 7,400 ጠየቀ። የመጀመሪያው የጠገነውን ሌላ ቤት ሄጄ አየሁለት። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እንኳ ጥቁር አራት ማዕዘን ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ሰውየው ጣራው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ የረሳው ይመስላል።

የእኛ ጣራ 14 ዓመቱ ነው። ቤቱን ስንገዛ በተሰጠን ወረቀት ላይ የቀለሙ ስም «ዌዘርድ ዉድ» ይላል፣ ፋብሪካው አልተጻፈም። በዚያው ስም ከሱቅ ናሙና አምጥቼ ጎን ለጎን ባስቀምጠው ጭራሽ አይተዋወቁም። የእኛው አመድማ ሆኗል፣ አዲሱ የተቆላ ቡና ነው።

ኢንሹራንሱ ጥገናውን በ1,900 ቆጥሮ «ከዲዳክቲብልሽ በታች ነው» ብሎኛል (መጀመሪያ ከኪሴ የምችለው 2,500 ነው)። እና ምን ይሻለኛል? 7,400ውን ከኪሴ ልክፈል ወይስ ምንጣፉን ተሸክሜ ልኑር?

---

ኪሴን_ጠባቂ (አትላንታ)

«በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ» የሚለው ወንጌል ስለ ጣራ መሆኑ ዛሬ ገባኝ። እህቴ፣ 1,900ውን ክፈይና አመድማ ስፕሬይ ገዝተሽ አልብሺው። ማን ወጥቶ ያየዋል?

---

ዴንቨር_ላይ (ኮሎራዶ)

14 ዓመት ማለት እዚህ እኛ ጋ ሽማግሌ ነው፤ በረዶው አያደርሰውም። ገንዘቡ ካሳሰበሽ አሮጌውን ሳታስነሺ አዲሱን ከላይ አስደርቢበት፣ የማንሻው ወጪ ይቀርልሻል።

---

አናጢው_ጋሼ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ስፕሬዩን በቀልድ እንለፈው። ቀለሙ ጠጠሩን በደንብ አይዝም፣ ቢይዝም ከጎኑ ካለው ጋር አብሮ አያረጅም። ሁለት ብርድ ካለፈ በኋላ ከጥገናው የባሰ ይታያል።

የዴንቨሩ ወንድሜ፣ መደረብ እስከ ሁለት ንብርብር ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ይህች ልጅ ደግሞ ከሥር ስንት እንዳላት አናውቅም። ቢፈቀድስ፣ ጣራዋ ተበስቷል። የተሰበረ ፕላይዉድ ላይ ማን ይደርባል? እብጠቱም ከመንገድ ይታያል።

ፀሐይ፣ እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ጣራ ላይ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ መሬት ቆሜ ነው የማዘው። ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ሦስት ነገር አጣሪ።

መጀመሪያ፣ ፊቱ ወደ የት ያያል? ወደ ሰሜን ከሆነ ወይም ዛፍ ካጠላበት፣ መልኩን የቀየረው ፀሐይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያ ወደ ታች የሚወርደው ጥቁር ሽንትር ብዙ ሰው ጥላሸት ይመስለዋል፤ ግሎኦካፕሳ ማግማ የሚባል ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሽንግሉ ውስጥ ያለውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት እየበላ ይኖራል። እሱ ካለ ቀለም ከመምረጥሽ በፊት ጣራው ይታጠብ። የልብስ በረኪና ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተረጭቶ ይቆይና በጓሮ ጎማ በቀስታ ይታጠብ። ከሥር ያሉትን አበቦች አስቀድመሽ ውኃ አጥግቢ። የግፊት ማጠቢያውን ማሽን ግን እንዳታስነኪ፤ ጠጠሩን ጠራርጎ አሸንዳ ውስጥ ነው የሚከትልሽ። የሽንግል ቀለም ያለው ደግሞ ጠጠሩ ላይ ነው፣ ከሥሩ አስፋልትና ፋይበርግላስ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ከተጎዳው ቦታ ጠርዝ አንዱን ቀና አድርገው ከላይኛው ረድፍ ጠርዝ ሥር አንድ ጣት ያህል ያለውን ይዩት። ፀሐይ ያላየችው ስለሆነ የዛሬ 14 ዓመቱ ቀለም እዚያ ላይ አለ። ከዚያ በላይ ያለው ሁልጊዜ የሚሸፈን ስለሆነ ፋብሪካዎቹ መናኛ ጥቁር ጠጠር ነው የሚነሰንሱበት፣ እንዳያሳስትሽ። «ዌዘርድ ዉድ» የሚለውን ስም ጂኤኤፍም ሰርተንቲድም ይሸጡበታል፤ ስሙ አንድ ነው፣ የጠጠሩ ድብልቅ ይለያያል። ፋብሪካውን የምታውቂው በዚያች ጣት በምታህል ቦታ ነው።

ሦስተኛውን ከቀለሙ አስበልጬ ነው የምነግርሽ፤ ልኩን አስለኪ። ወደ ውጭ የሚታየው ክፍል 5 ኢንች ነው ወይስ 5 ከ5/8? የድሮው 12 በ36 ኢንች ሽንግል የሚታየው 5 ኢንች ነው። አሁን ሱቅ የሚበዛው ርዝመቱ 39 ከ3/8 የሆነው ነው፣ እሱ 5 ከ5/8 ያሳያል። ሁለቱን ካቀላቀሉብሽ በየረድፉ 5/8 እየተንሸራተተ 8 ረድፍ ላይ ሲደርስ 5 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሙሉ ረድፍ ይሳሳታል። ያን ጊዜ ቀለሙ መንትያ ቢሆን እንኳ መስመሩ ይጮኻል።

---

ፀሐይ_ግባት

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ወጥቶ ለካው፣ 5 ከ5/8 ነው፣ አርኪቴክቸራል የሚሉት ወፍራሙ ዓይነት። ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ሽንትሩ ዛፉ በሚያጠላበት ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ አለ። ጣቷን የምታህለው ቦታ ላይ ልክ እንዳሉት ቡናማው ወጣ! ከሁለት ፋብሪካ ናሙና አስተያየነውና አንዱ ቁርጥ እሱ ነው። ግን ጋሼ፣ ይህ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ነገረኝ እንጂ አሁን ያለውን አመድማ ከየት አመጣለሁ?

---

ሚኒሶታ_በረዶ (ሴንት ፖል)

ከኢንሹራንሱ ጋር ቶሎ አትሰነባበቺ። እዚህ የኛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 አንድ ነገር ወስኗል። ሴዳር ብላፍ የሚባል የታውንሆም ማኅበር በ2011 በረዶ 20 ሕንፃዎቹን ይመታበታል። ኢንሹራንሱ የተመታውን የግድግዳ ልባጥ (ሳይዲንግ) ብቻ እለውጣለሁ ይላል፤ የቀረው ደብዝዟልና አዲሱ አልመሳሰል አለ። ፍርድ ቤቱ «ተመጣጣኝ ዕቃና ጥራት» የሚለው የውሉ ቃል የቀለም መመሳሰልንም ይጨምራል ብሎ ለማኅበሩ ፈረደ።

ያ ግድግዳ ነው፣ ያውም የሚኒሶታ ነው፤ ሜሪላንድ ላይ እንዲሁ ይሠራል አልልሽም። ግን ውልሽን አውጥተሽ ስለ መመሳሰል ምን እንደሚል አንብቢ። አንዳንዱ ውል «ለቀለም ልዩነት አንከፍልም» የሚል ተጨማሪ ወረቀት ከኋላ አለው፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝም ካለ፣ ቁራጭ ሽንግል ወደ አይቴል ላቦራቶሪ ይላክልኝ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ኢንሹራንሶቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ነው፣ ተመሳሳይ ዕቃ ገበያ ላይ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ። «የለም» ካለ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

---

ፀሐይ_ግባት

አነበብኩት። ከኋላ ያቺ ወረቀት አለች 😩 14 ዓመት ስከፍል አንድ ቀን አላየኋትም።

---

የቆርቆሮ_ልጅ (አዲስ አበባ፣ ጉለሌ)

ስለ ሽንግል አላውቅም፣ ግን ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ትልቁን ቤት ፊት ለፊት መታው፤ አምስት ቅጠል ቆርቆሮ ተጨማደደ። አባቴ አዲስ ገዝቶ መጣ። ግን እዚያ ዝገታም መሀል አዲሱ ሲያበራ ከሩቅ «እነ እገሌ ቤት ተበጣጥሶ ተጠገነ» ተብሎ ሊወራ ነው። ምን አደረገ መሰላችሁ? ማድ ቤቱ ከትልቁ ቤት ጋር በአንድ ዓመት ነበር የተከደነው። ከማድ ቤቱ ላይ እኩያውን አሮጌ ቆርቆሮ ነቅሎ ፊት ለፊት መታው፣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በሬንጅ ደፈነ፣ አዲሱን ማድ ቤቱ ላይ አለበሰው። ፊት ለፊቱ የተነካ አይመስልም ነበር።

እናቴ ደግሞ ማድ ቤቷ ማፍሰሱን ስላቆመላት ያን ባሕር ዛፍ ዕድሜ ልኳን እንደመረቀችው ነው።

እናንተ ጋ ማድ ቤት የለም እንጂ…

---

ኪሴን_ጠባቂ

ጋራዥ አለ 👀

---

አናጢው_ጋሼ

አባትህ ነፍሱን ይማርና፣ ወይም ዕድሜ ይስጠውና፣ የኔን መልስ ቀማኝ። ልጽፈው የነበረው ይህንኑ ነው። አመድማ ሽንግል የሚሸጥ ሱቅ የለም ፀሐይ፣ ያለሽ የራስሽ ቤት ላይ ነው። ሰው የማያየው ጣራ አለሽ? የጓሮ ዕቃ ቤት፣ ጋራዥ፣ የኋላው ገጽ? ከፊቱ ጋር በአንድ ጊዜ የተሠራ መሆን አለበት። የፊቱ ምዕራብ ከሆነ የኋላው ምሥራቅ ነው፣ ፀሐዩን ተካፍለው ነው ያረጁት፤ ጥሩ ነው። አንዱ ሰሜን ሌላው ደቡብ ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አልመክርሽም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው፤ ለሠራተኛሽ አንብቢለት፣ ቅር አይበለው።

አንድ ሽንግል ብቻውን አይወጣም። የራሱ 4 ሚስማር አለው፣ ነፋስ በሚበረታበት ቦታ 6። ከላይኛው ረድፍ የሚመጣው ሚስማርም የእርሱን ራስ ወግቶ ያልፋል። ስለዚህ የእርሱን፣ የላይኛውንና የላይኛው ላይኛውን ማጣበቂያ በፍላት ባር (ጠፍጣፋ የብረት መፈልቀቂያ) ቀስ አድርጎ ማላቀቅና 8 ሚስማር መንቀል ግድ ነው። ይህ የማለዳ ሥራ ነው። ቀትር ላይ አስፋልቱ ለስልሶ ስለሚጣበቅ ጠጠሩ ከጫማ ጋር ይነሳል። በውርጭ ደግሞ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። 14 ዓመት የኖረ ሽንግል የተወሰነው መሰበሩ አይቀርም፣ ያንን ከወዲሁ ቁጠሪው። 80 ካሬ ጫማ ወደ 52 ሽንግል ነው። ከኋላ ከ70 በታች አታስነቅይ።

የፊቱ ጉድጓድ አራት ማዕዘን ሆኖ እንዳይቆረጥ። ይህቺን ያዢልኝ። ያ ያየሽው «ምንጣፍ» ምንጣፍ የሆነው በቀለሙ ብቻ አይደለም፣ ጠርዙ ቀጥ ስላለ ነው። ዓይን ቀጥ ያለ መስመርን ከሩቅ ይለያል። የተጎዳው የትም ላይ ያብቃ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ሽንግሉ በራሱ መጋጠሚያ እስከሚያልቅበት ድረስ ሙሉውን ይነቀል፤ በቢላ እኩል ማድረግ የለም። ያን ጊዜ ጎኑ አንዱ ገባ አንዱ ወጣ እያለ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። በምትኩ የሚመጣው የሚገባው በዚያ ጥርስ ውስጥ ተጠላልፎ ነው። እኛ ሹሩባ ነው የምንለው። ላይና ታች ያሉት መጋጠሚያዎች ቢያንስ 4 ኢንች ይራራቁ፣ አለበለዚያ ውኃ መንገድ ያገኛል።

ከኋላ የመጣው አሮጌ ሽንግል የድሮ ቀዳዳ አለው። ልጁ እንዳለው በሬንጅ፤ እዚህ በቱቦ የሚሸጠው የጣራ ሲሚንት ማለቴ ነው። የማጣበቂያው መስመርም ሞቷል፣ ፀሐይ ብትመታው አይነሳም። እያንዳንዱ ከሥሩ የኳርተር ሳንቲም የምታህል ሦስት አራት ጠብታ ይደረግበትና በእግር ይጫን። ብዙ መቀባት ጥሩ ነው የሚል ካለ አስቁሚው፣ ሲበዛ ሽንግሉን ያሳብጠዋል።

ከዚያ በፊት ግን ፕላይዉዱ ይለወጥ፣ ከሽንግሉ ሥር የሚነጠፈው የውኃ መከላከያም ከላይኛው አሮጌ ንጣፍ ሥር እንዲገባ ይደረግ፤ ከላይ ከተለጠፈ ውኃውን ወደ ውስጥ ነው የሚጋብዘው። መልክ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

---

ዴንቨር_ላይ

ጋሼ ይቅርታ፣ ግን ይህ ሁሉ ድካም ለ14 ዓመት ዕቃ? ስድስት ሰባት ዓመት ቆይታ ሙሉውን መቀየሯ አይቀርም። ሁለት ጊዜ ልትከፍል ነው።

---

አናጢው_ጋሼ

ልክ ነህ፣ ሽንግሉ የሚቀጥል ካልሆነ። ስለዚህ ሲነቅሉ ይታያል፤ ከአስሩ ሰባቱ እጃቸው ላይ ከተሰበረ ያ ጣራ ጥገና አይፈልግም፣ ሥራው ይቁምና ገጹ ከክፍክፍ እስከ ጉልላቱ በሙሉ ይቀየር። ሙሉ ገጽ ሲቀየር አዲሱና አሮጌው የሚገናኙት ጉልላቱ ላይ ነው፣ ሁለቱን ፊት አንድ ላይ የሚያይ ሰው የለም፣ የቀለም ጭንቀትም የለም። እኔም ገንዘብ ላለው የምመክረው ያንን ነው። ፀሐይ ግን የጠየቀችን 7,400 ከኪሷ ሳይወጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ማሻሻያ የሚሠራ ሰው የስቴቱ ፈቃድ ቁጥር አለው፣ ውሉ ላይ ይጻፍልሽ። ቀብድ ብሎ ከሲሶ በላይ ቢጠይቅሽ ሕጉ አይፈቅድለትም።

---

ፀሐይ_ግባት

ለ1,900ው ሰውዬ ጋሼ የጻፉትን በእንግሊዝኛ ተርጉሜ ላኩለት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «ይህን የጻፈው ማነው?» አለኝ። ጉልበቱ ሁለት እጥፍ ነው ብሎ 3,100 ቆርጧል። እንሞክረዋለን፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ሞቅ ያለ ሳምንት ስላለ። ተመልሼ እጽፋለሁ።

---

ፀሐይ_ግባት (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ፎቶዎቹን ከታች አስገብቻለሁ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው የጀመሩት። ከኋላው ገጽ 74 ነቀሉ፣ 51 ደህና ወጣ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ላይ አምስቱ ሲሰበሩ ሆዴ ባባ፣ «ጋሼ ያሉት ሊደርስ ነው» አልኩ። ኋላ እጃቸው ሲለምደው ቀነሰ። አንዱ ልጅ ምሳ ሰዓት ደረሰ ብሎ ቸኩሎ ሦስት በአንዴ ሰብሯል፣ አለቃው ከጣራ አውርዶት አሸንዳ ሲጠርግ ዋለ።

ለፊት 58 ነበር የሚያስፈልገው፣ ጥርሱ አስፍቶታል። የጎደለውን 7 ከአዲሱ ወስደው የት ያግቡት ብለን ተከራከርን። ባለቤቴ ከላይ ጉልላቱ አጠገብ አለ፣ ሠራተኛው ደግሞ አንድ ላይ ካደረግናቸው ትንሽ ምንጣፍ ይሆናሉ አለ። በመጨረሻ አራቱ የጭስ ማውጫው ጀርባ ገቡ፤ ሦስቱ አንዱ ከአንዱ ርቆ ተበታተኑ። ሦስቱን እኔ ስለማውቃቸው አያቸዋለሁ። ጎረቤቴን ፈልጊ ብያት አጥታቸዋለች።

ለኋላው ጉድጓድ አዲስ 5 ባንድል (እሽግ) ገዝተን 4ቱ በቂ ሆነ። ሠራተኛው ከአራቱም እየቀላቀለ ነው የመታው፤ ከአንዱ ባንድል ወደ ሌላው ቀለሙ ትንሽ ይለያያል አለ። ከጓሮ ሲታይ ቡናማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አማቴ ከኩሽናው መስኮት አይታው «ይኼስ ምንድነው የለጠፋችሁት?» አለችኝ። ማድ ቤት ነው አልኳት፣ አልገባትም።

የቆርቆሮ_ልጅ፣ ለአባትህ ሰላም በልልኝ።

---

የቆርቆሮ_ልጅ

አባዬ በሕይወት አለ፣ 81 ዓመቱ ነው። ፎቶውን አሳየሁት። «ይህ ቆርቆሮ አይደለም፣ ወረቀት ነው» አለ 😂 ቀጥሎ ግን አሳንሶ አሳድጎ አየውና «ጥርሱን አሳምሮታል» ብሏል።

---

ኪሴን_ጠባቂ

ስፕሬዩን ገዝቼ ነበር ለራሴ። የሚፈልግ?

---

አናጢው_ጋሼ

አባቱ ወረቀት ማለቱ ተመችቶኛል። እኔም ከቆርቆሮ ወጥቼ መጀመሪያ ሽንግል የጨበጥኩ ቀን እንዲሁ ነው ያልኩት።

ፀሐይ፣ ሥራው ደህና ነው። ሦስተኛውን ፎቶ ግን አጉልቼ አየሁት። ከታች 4ኛው ረድፍ፣ በግራ በኩል፣ ከሥሩ ካለው ጋር መጋጠሚያው በጣም ተቀራርቧል፤ 4 ኢንች አይሞላም፣ ሁለት ይመስለኛል። ብርዱ ሳይገባ ተመልሶ ከመጋጠሚያው ሥር አንድ የላሜራ ቁራጭ ያስገባበት፤ ሽንግሉን መንቀል አያስፈልገውም፣ ቀና አድርጎ ማንሸራተት ነው። የተረፈሽን ባንድል ደግሞ ጋራዥ ውስጥ አስተኝተሽ አስቀምጪው፣ አታቁሚው፣ ይጎብጣል።

---

ፀሐይ_ግባት

አቁሜው ነበር 🙈 አሁን ወርጄ አስተኛዋለሁ። ሰውየው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል፣ «አሁን ደግሞ ጋሼ ምን አገኘ?» እያለ።